ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የተላመደ አይደለም፦ በወረርሽኝ ወቅት ሕፃናትን በማቆያ ስለማላመድ

ይህ ትምህርት በሕፃናት ማቆያ ለሚሠሩ ተንከባካቢዎች፣ ልጆቻቸውን በማቆያ ለሚያውሉ ወላጆች፣ እንዲሁም በየሰፈሩ የጎረቤት ልጆችን ሰብስበው ለሚጠብቁ እናቶች የተዘጋጀ ነው። የኮቪድ-19 በሽታ በሀገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ብዙ ማቆያዎችም በራቸውን ዘጉ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት ሲጀምሩ ስለ ተማሪዎች መቀመጫ፣ ስለ ፈረቃ እና ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ብዙ ተብሏል። ገና አፋቸውን በመፍታት ላይ ስለነበሩት ሕፃናት ግን የተባለው ጥቂት ነበር።

ያን ጊዜ ወደ ማቆያ የመጣው ሕፃን ከወረርሽኙ በፊት ይመጣ እንደነበረው ሕፃን አልነበረም። በሩ ሲዘጋ የስድስት ወር ዕድሜ የነበረው ልጅ ሲከፈት በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ነገር ግን በእነዚያ ወራት በቅርብ ያያቸው ፊቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በሠርግና በበዓል ቀን ከእጅ ወደ እጅ አልተዘዋወረም፤ ጎረቤት ጉንጩን አልሳመውም። ለእርሱ እንግዳ ሰው ማለት ከርቀት የሚታይ፣ ግማሽ ፊቱ የተሸፈነ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ በር ላይ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ማስገባት ቀደም ሲል ከነበረው የበለጠ ዝግጅት ይጠይቃል።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ይህ የዕለት እንጀራ ጉዳይም ነው። ከአየር ጤና፣ ከቤቴል፣ ከዘነበወርቅ ወይም ከሎሚ ሜዳ በማለዳ ወደ መርካቶ፣ ወደ ግንባታ ሥራ ወይም ወደ ጉልት የምትወጣ እናት ልጇን የምታውልበት ቦታ ካላገኘች የዚያን ዕለት ገቢ የላትም። በተዘጋባቸው ወራት ታናሹን ትጠብቅ የነበረችው ታላቅ እህት ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ መመለሷም የሚገባ ነበር። አያት ትጠብቀው እንዳይባል፣ በሽታው የሚበረታው በአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ይደነግግ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም ሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ አላት። በጉልት ለምትተዳደረው እናት ግን ከእነዚህ አንዱም አይደርሳትም። ስለዚህ «ልጁ እስኪጠነክር ቤት ይቆይ» ማለት ለብዙ ቤተሰብ ምክር ሊሆን አይችልም።

ሕፃን ሲለይ ለምን ያለቅሳል?

ሕፃን ልጅ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ዕድሜው ባለው ጊዜ የሚያውቀውን ፊት ከማያውቀው አጥብቆ መለየት ይጀምራል። ከእናቱ ሲለይ የሚያሰማው ለቅሶ ብዙውን ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ ስምንት ወር ባለው ዕድሜ ይበረታል፤ ከዚያም እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ይህ የመሞላቀቅ ምልክት አይደለም፤ የጤናማ ዕድገት ምልክት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በኡጋንዳ የገጠር መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ተመልክተዋል። ሕፃኑ እናቱን እንደ ማረፊያ ይዞ አካባቢውን ያስሳል፤ ሲፈራ ወደ እርሷ ይመለሳል፤ ከተረጋጋ በኋላ እንደገና ይርቃል። ማለትም ተማምኖ ርቆ የሚሄደው የሚመለስበት ሰው ያለው ልጅ ነው። በማቆያ ውስጥ ሕፃኑ የሚያስፈልገው ይህንኑ ቦታ በቀኑ ሰዓት የሚይዝለት አንድ ሰው ነው።

ከወረርሽኙ ወቅት ሁኔታችን ጋር የሚመሳሰል አንድ የቆየ ታሪክ መጥቀስ ይጠቅማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በብሪታንያ ሆስፒታሎች ወላጆች የተኙ ሕፃናትን እንዲጠይቁ የሚፈቀድላቸው እጅግ ጥቂት ሰዓት ነበር። አንዱ ምክንያት ተላላፊ በሽታ እንዳይገባ የሚል ነው፤ ሌላው ሕፃናቱ ወላጆቻቸውን ሲያዩ ስለሚያለቅሱና ዋርዱ ስለሚረበሽ ነው። ጠያቂ ሲቀር ሕፃናቱ ዝም አሉ፤ ሠራተኞቹም «ተላመዱ» አሉ። ጄምስ ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ሆስፒታል ስለገባች አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ባዘጋጁት ፊልም፣ ከጆን ቦውልቢ ጋር ባደረጉት ጥናትም፣ ዝምታው መላመድ እንዳልሆነ አሳዩ። ሕፃኑ በመጀመሪያ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ በመጨረሻም ከሰው ራሱን ያርቃል። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለ ልጅ ለተመልካች ጨዋ ይመስላል።

በክፍለ ከተማው ከጎበኘኋቸው ማቆያዎች በአንዱ እንዲህ ያለች ሕፃን አይቻለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ይሆናታል። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን በጀርባዋ እንዳዘለች ከጠዋት እስከ ምሳ ግድግዳ ሥር ተቀመጠች። አላለቀሰችም። በዚያ ጠዋት ከሚያለቅሱት ስድስት ልጆች መካከል እርሷ «በጣም ጎበዝ» ተብላ ተመሰገነች፤ ስለሆነም ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም። ምሳዋን አልቀመሰችም። በማግሥቱ ከተንከባካቢዎቹ አንዷ ሌላ ሥራ ሳይሰጣት ከእርሷና ከሦስት ልጆች ጋር ብቻ እንድትውል ተደረገ። በአምስተኛው ቀን ሕፃኗ እናቷ ስትሄድ ጮኻ አለቀሰች፤ ተንከባካቢዋም ስታቅፋት አንገቷን ይዛ ተለጠፈች። እናትየዋ «ይኸው ባሰባት» ብላ ደነገጠች። ለእኔ ግን ያ ለቅሶ የመጀመሪያው መልካም ምልክት ነበር፤ ልጅቷ ሐዘኗን የምታሳየው ሰው አግኝታለችና። ቦርሳዋን ያወለቀችውም በዚያው ቀን ነው።

አንድ ተንከባካቢ፣ አንድ ትንሽ ቡድን

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ቫይረሱን እንከላከል ወይስ ሕፃናቱን እናባብል? ጥያቄው በዚህ መልክ መቅረቡ ትክክል አይመስለኝም። የሁለት ዓመት ልጅ ሁለት የአዋቂ እርምጃ እንዲርቅ ማድረግ አይቻልም፤ መሞከርም አይገባም። ሊራራቁ የሚችሉት ቡድኖች ናቸው። ማቆያው ሕፃናቱን ባለው አቅም በትናንሽ ቡድኖች ቢከፍል፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ቋሚ ተንከባካቢ ቢመድብ፣ ቡድኖቹም በምግብ፣ በጨዋታና በእንቅልፍ ሰዓት ባይቀላቀሉ፣ አንድ ሰው ቢታመም የሚጋለጡት ጥቂቶች ይሆናሉ። ይኸው አሠራር ሕፃኑን ከአንድ ሰው ጋር ያስተዋውቀዋል። ለወረርሽኝ ቁጥጥር የሚሻለውና ለሕፃኑ ልብ የሚሻለው እዚህ ላይ አንድ ነው። ተንከባካቢዎችን በየሳምንቱ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያዘዋውር ማቆያ ሁለቱንም ያጣል።

በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት የሚጋሩ ቤተሰቦች ልጆች ካሉ በአንድ ቡድን ቢመደቡ ይመረጣል። እነዚህ ልጆች ከማቆያ ውጭም አብረው ስለሚውሉ መለያየታቸው ከቫይረሱ አይጠብቃቸውም፤ መቀላቀላቸው ግን የሚያውቁት ፊት ይሰጣቸዋል።

ተንከባካቢ የሚያለቅስ ልጅ ማቀፍ አለባት። ከልብሷ በላይ ሰፊ ሸሚዝ ወይም ጋዋን ትልበስ፤ ንፍጥ ወይም ምራቅ ሲነካው ትቀይረው፤ እጇንና አንገቷን በሳሙና ትታጠብ፤ የልጁንም እጅ ታጥበው። በረዥም ጊዜ የሚመጣውን ሁሉ በመፍራት የሚያለቅስን ሕፃን በእንጨት ርቀት ማባበል ሕፃኑን ይጎዳል፤ ማቆያውንም ከበሽታ ነፃ አያደርገውም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በወረርሽኙ ወቅት ወላጅ ወደ ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ክልከላው ሕፃኑን በበሩ ላይ ነጥቆ መውሰድ ማለት መሆን የለበትም። አብዛኛው ማቆያ ትንሽም ብትሆን ግቢ አለው፤ ደጅ ላይ ነፋሻ ቦታ ቫይረሱ የመተላለፍ ዕድሉ ከዝግ ክፍል ያነሰ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ወላጅ ብቻ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ከልጇ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል በግቢው ትቀመጥ። ተንከባካቢዋ ልጁን ለመንጠቅ አትቸኩል፤ በመጀመሪያ ከእናቱ ጋር ታውራ። ሕፃን እናቱ የምታምነውን ሰው ለማመን ይቀለዋል። በሁለተኛው ቀን እናት ተሰናብታ ለአሥራ አምስት ወይም ለሃያ ደቂቃ ትሂድና ትመለስ። ልጁ የሚማረው ከመሄዷ ሳይሆን ከመመለሷ ነው። ቀጥሎ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ እስከ ምሳ ይቆይ። በማቆያ መተኛት የመጨረሻው ደረጃ ይሁን፤ ሕፃን ዓይኑን የሚከድነው ከተማመነ በኋላ ነውና።

አንድ ሳምንት ከሥራ መቅረት የማትችል እናት ብዙ ናት። እንዲህ ላለችው እናት ከሥራ በፊት ሦስት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት መምጣት፣ ወይም ሥራ በማይኖርባት ቀን መጀመር ከምንም ይሻላል። የማቆያ ኃላፊዎች ይህን ሰዓት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቢያመቻቹ መልካም ነው።

ስንብትን በተመለከተ አንድ የቆየ ልማዳችን ሊታረም ይገባል። «ከረሜላ ገዝቼልህ ልምጣ» ብሎ መጥፋት፣ ወይም ልጁ በጨዋታ ሲጠመድ ሹልክ ብሎ መውጣት ለቅሶውን ለዚያች ቅጽበት ያስቀራል። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ እናቱን ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል፤ መጫወትም ይተዋል። ስንብት አጭርና እውነተኛ ይሁን። «ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ» ለሁለት ዓመት ልጅ ትርጉም የለውም፤ «ተኝተህ ስትነሳ እመጣለሁ» ግን ይገባዋል። የታጠበ የእናት ሻሽ ወይም የነጠላ ቁራጭ ይዞ መምጣትም ይረዳዋል። ከቤት የሚመጣ ዕቃ ሁሉ መከልከል አያስፈልግም፤ አንድ ብቻ ይሁን፣ ከሌላ ልጅ ጋር አይጋራ፣ በየሳምንቱ ይታጠብ።

«ዝም በል፣ ኮሮና ይመጣብሃል» የሚለው ማስፈራሪያ በወረርሽኙ ወቅት በጅብና በመርፌ ቦታ ተተክቶ ነበር። ልጁ ከዚህ የሚማረው ማስክ ያደረገች ሴት ሁሉ ኮሮናን ይዛ እንደመጣች ነው። እጅ የምንታጠበው ለምን እንደሆነ ለሦስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ይቻላል፦ ቆሻሻው እንዲወርድና እንዳያመን ነው ማለት ይበቃል።

የተሸፈነ ፊት

ሕፃናት ደስታንና ቁጣን ከፊት ያነባሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ባወጡት ምክር አምስት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ማስክ እንዲያደርጉ መገደድ እንደሌለባቸው አመልክተዋል። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማስክ ማድረግ ደግሞ ለመታፈን ያጋልጣል። የተንከባካቢዋ ማስክ ግን በወረርሽኝ ወቅት ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ፊቷን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ ይፈለግ። በመጀመሪያው ቀን በግቢ ውስጥ፣ ራቅ ብላ ቆማ ማስኳን ዝቅ ታድርግና ትሳቅለት፤ ከዚያ እያየ መልሳ ትልበሰው። ከኩኩሉ ጨዋታ ጋር አንድ ነው፤ የተሸፈነው ፊት እንዳልጠፋ ልጁ ይረዳል። ፎቶግራፏ በልጁ ቁመት ልክ በበሩ ላይ ቢለጠፍ ይጠቅማል። ቀሪው የድምፅና የዓይን ሥራ ነው፦ ዝቅ ብሎ በዓይኑ ትይዩ መሆን፣ በስሙ መጥራት፣ ቀስ ብሎ መናገር። በኅብረት መዘመር ትንፋሽን ርቆ ስለሚረጭ በደጅ ይሁን። እሹሩሩ ግን በዝቅተኛ ድምፅ በማስክ ውስጥም ይሰማል።

መስኮት መክፈት በእኛ ዘንድ አስቸጋሪ ነው። «ብርድ ይመታዋል» የሚል እናት የሌለችበት ማቆያ አላየሁም፤ የአዲስ አበባ የጠዋት ብርድም ቀላል አይደለም። መፍትሔው ልጆቹ ደጅ በሚጫወቱበት ሰዓት በሩንና መስኮቶቹን ሁሉ መክፈት፣ በሚተኙበት ሰዓት ቢያንስ አንዱን መስኮት ክፍት ማድረግ፣ ፍራሾቹን ከነፋሱ መስመር ማራቅና ልጆቹን ደርቦ ማልበስ ነው።

ማንኪያ፣ ውሃና በረኪና

ምግብን በአፍ እፍ ብሎ ማብረድ፣ ቀምሶ በዚያው ማንኪያ ማጉረስ፣ በአንድ ሳህን ሦስት ልጆችን ማብላት የፍቅር ልማዶች ናቸው፤ በወረርሽኝ ወቅት ግን ይቆዩ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማንኪያና ኩባያ ይኑረው፤ ምግቡም ተቀምጦ ይብረድ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ያላት እናት በምሳ ሰዓት መጥታ እንድታጠባ መፍቀድ ያስፈልጋል፤ እጇን ታጥባና ማስክ አድርጋ ማጥባቷ ለሕፃኑም ለማቆያውም ይበጃል።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ወይም ጄሪካን ሁልጊዜ ተሞልቶ ይቀመጥ። የእጅ መታጠብ 20 ሴኮንድ ይወስዳል። ልጆች የነኳቸውን ጠረጴዛና የበር እጀታ ለማጽዳት 0.1 በመቶ የክሎሪን ድብልቅ በቂ ነው፤ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር በረኪና ላይ ውሃ ጨምሮ አንድ ሊትር መሙላት ነው። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የውሃ ፕላስቲክም አይቀመጥ። በረኪና የጠጣ ሕፃን አደጋ ከኮቪድ አደጋ ይበልጣል።

ለቅሶና ሕመምን መለየት

ብዙ ያለቀሰ ልጅ ፊቱ ይቀላል፤ ይሞቃል፤ አፍንጫው ይፈሳል፤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ የሚወሰድ ልኬት ያሳስታል። ይረጋጋና እንደገና ይለካ። በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት አለው። ትንፋሹ በረጋበት ሰዓት ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር፤ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የደነዘዘ ልጅ ደግሞ ሳይዘገይ ይወሰድ። በወረርሽኙ ወቅት ስለ ኮቪድ-19 በነፃ የስልክ መስመሮች 8335 እና 952 መጠየቅ ይቻል ነበር። በሕፃናት ዘንድ ኮቪድ በአብዛኛው ቀላል ሲሆን ኩፍኝና የሳንባ ምች ግን ዛሬም ይገድላሉ። ወረርሽኙን በመፍራት የ9 ወር ወይም የ15 ወር የኩፍኝ ክትባት ያለፈው ልጅ ካለ የማቆያው ኃላፊ የክትባት ካርዱን አይተው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት።

አንድ አሳሳቢ ነገር አለ። ልጇ ትኩሳት እንዳለው የምታውቅ እናት ጠዋት ፓራሲታሞል ሽሮፕ ሰጥታ ታመጣዋለች፤ ሙቀቱ በበር ላይ ሲለካ ደህና ነው፣ ከምሳ በኋላ ይነሳል። ይህን የምታደርገው ለሌሎች ልጆች ግድ ስለሌላት አይደለም። የዕለት ገቢዋን ልታጣ ነው፤ ምናልባትም «ነገ እንዳትመጪ» ልትባል ነው። እንዲህ ያለውን ድብቅነት ቁጣ አያስቀረውም። ማቆያው በምዝገባ ቀን ከወላጅ ጋር ሊነጋገርበት ይገባል፦ ልጁ ቢታመም ማን ይጠብቀዋል? የታመመባቸው ቀናት ክፍያ ይቀራል ወይ? ቦታው ይጠበቅለታል ወይ? መልሱ አስቀድሞ ሲታወቅ እናት እውነቱን ትናገራለች። ይኸው ለተንከባካቢዎችም ይሠራል። የጉሮሮ ሕመም የተሰማት ሞግዚት ደመወዟ እንደሚቆረጥ ካወቀች ማስኳን አጥብቃ ትመጣለች።

ማታ ላይ

ወላጆች በስልክና በሥራ ተጣድፈው የሚመጡበት የመረከቢያ ሰዓት በር ላይ መጨናነቅ እንዳይፈጠር በቡድን በቡድን በአሥራ አምስት ደቂቃ ልዩነት ቢሆን ይመረጣል። ተንከባካቢዋ ስለ ልጁ ሦስት ነገር ትንገር፦ ምን በላ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ከማን ጋር ተጫወተ። ብዙ ልጆች ቀኑን ሙሉ ደህና ውለው እናታቸውን ሲያዩ በለቅሶ ይፈነዳሉ። እናትም «ምን አደረጋችሁት?» ትላለች፤ ተንከባካቢዋም ትከፋለች። ቀኑን የያዘውን ስሜት ወደሚያምነው ሰው ደረት ማምጣቱ ስለሆነ እናት ዝቅ ብላ ትቀፈው፤ «መጣሁልህ፤ ተኝተህ ስትነሳ እመጣለሁ ብዬህ አልነበር?» ትበለው። እጅ መታጠቡ ቤት ሲደርሱ ይደርሳል።